አራት ጣት

ተሳቢ ልንገዛ ወጣን በማለዳ፣
ሬክስበርግ ዳር ካለው፣ ከጠጠሩ ሜዳ።
ኦሪን ሜትሩን ይዟል፣ እኔ ደግሞ ዝርዝር፤
እሱ ኢንች ሲቆጥር፣ እኔ ዶላር ስመነዝር።

ክፍቱን ተሳቢማ ጠግበነዋል እኛ፤
ባለፈው የካቲት፣ ሞቴል ውስጥ ስንተኛ፣
ሌባ ሁለት ጎማ ፈትቶ ይዞ ሄደ፤
ሌባ የማረውን የመንገድ ጨው ናደ።
እንግዲህ ዝግ ይሁን፤ ባለ ጣራ፣ ባለ ቁልፍ፣
በረዶ የሚያስቆም፣ ሌባ የማያሳልፍ።

ሻጩ ትሬንት ይባላል፣ የልጅ ልጄ እኩያ፤
አፉ ለአፍታ አይደርቅም፣ ምላሱ ገበያ።
«ሁለት አክስል አላት፣ ፍሬን በየጎማ፣
አፍንጫዋ ሹል ነው፣ ለነፋስ እንድትስማማ፣
የኋላ በሯ ሲወርድ መወጣጫ ይሆናል...»
ኦሪን አልሰማውም። ገባና በር ዘጋ፣
ጨለማ ውስጥ ቆሞ ብርሃን ፍለጋ።
ፀሐይ ካላለፈች ዝናብም አያልፍም፤
ይህንን ያወቀ በሻጭ አይሸነፍም።

«ስፋቷስ?» አልኩ እኔ።
«ስድስት ጫማ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ።»
የኛ የአሸዋ መኪና ስልሳ ስድስት ኢንች ናት።
ቀነስኩ። ስድስት ቀረ። ለሁለት ከፈልኩት።
ሦስት ኢንች፣ በኔ እጅ፦
በዚህ በኩል አራት ጣት፣
በዚያ በኩል አራት ጣት።

እሷስ ትገባለች።
ኦሪን በየት ይወጣል?
በሯ አይከፈት፤ ያለው መስኮት ብቻ፣
ኦሪን ደግሞ ሰባ ሁለት ዓመቱ፣
ግራ ጉልበቱ የሐኪም ብረት።

«እንሞክራት» አለ።
ከጎረቤት ተሳቢ ላይ አወረዳት፣ ሞተሯን አስነሣ፤
መወጣጫው ጮኸ፣ ቆርቆሮው አገሣ፣
ከዚያ ጸጥ።
ትሬንት ጫማውን ማየት ጀመረ።
መጀመሪያ የኦሪን ቆብ በመስኮት ወጣ፣
ከዚያ አንድ ክንድ፣
ከዚያ ምንም አልመጣ።

«ኦሪን?»
«ደህና ነኝ፣ ላቮን።»
«ተይዘሃል?»
«አልተያዝኩም። አርፌ ነው።»
አርፎ ነው! ሃምሳ ዓመት አብሬው ኖሬ፣
ይህ ሰው በቀን ሲያርፍ አላየሁም እስከ ዛሬ።

«ወደ ኋላ ይመልሷት» አለ ልጁ፣ በትሕትና።
ግድግዳው መልስ አልሰጠም።
ኦሪን የገባበትን በኋላ ማርሽ ወጥቶት አያውቅም፣
የድንች ዋጋ ሲወድቅም፣
እኔን ሲያገባም።

ዞር አልኩ።
«ያቺ ማዶ ያለችው፣ ከጎማዋ በላይ
እንደ ክንፍ የሚነሣ የጎን በር ያላት፣
መኪናው ገብቶ ሹፌሩ የሚወጣባት፣
እሷስ ስንት ናት?»
ትሬንት ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ፣
ከቆርቆሮው ውስጥ ድምፅ መጣ፦
«አንድ ሺህ አራት መቶ ጭማሪ!
ነጯ ከሆነች ግን አንድ ሺህ ሦስት መቶ!»

ለካ ዋጋውን በቃሉ ይዞታል።
ለካ ሳይነግረኝ፣ አንድ ቀን ብቻውን መጥቶ
ያቺን በር ከፍቷል፣ ዘግቷል፣
ደግሞ ከፍቷል።
መግቢያ በሻጭ ፊት ይለካል፣ ሜትር ተዘርግቶ፤
መውጫን ግን ሰው ለብቻው ያጠናል፣
ማንም ሳያየው።

ነጯን ገዛን።
እኔ ፈረምኩ። እሱን ለማውጣት
ትሬንትና ሁለት መካኒኮች መኪናዋን በእጃቸው ጎተቷት፤
ሲወጣ ቆቡን አራግፎ፣
«ጣሪያዋ ግን አያፈስም» አለ።

በሰኔ፣ ሴንት አንተኒ አሸዋ ላይ፣
ማምሻውን ስንጭን ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ።
ሞተሩ ይጠፋል።
የጎን በሯ ቀስ ብላ ትነሣለች።
አንድ እግር ብቅ ይላል፣ ሁለተኛው ይከተላል፣
ከዚያ ይቆማል።
«ውረድ» አልለውም።
በሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣
ነፋሱ የጎማችንን ዱካ ሲያጠፋው ያያል።
«ሰፊ ነው» ይላል።
በሩን ይሁን፣ አሸዋውን፣
አልጠየቅሁትም።
ቁልፉ እኔ ኪስ ነው።